«የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይባላል፤ ለመሆኑ ይህ ወርቅ የማን ነው?

ሙዚቃ የደከመውን የሚያበረታ፣ ያዘነውን የሚያጽናና፣ የተለያየውን የሚያሰባስብ ታላቅ ጥበብ መሆኑን የሚክድ ሰው የለም። ይሁን እንጂ «የትኛው ሙዚቃ?» የሚል ጥያቄ በተነሣ ቍጥር ይህ ስምምነት ወዲያው ይፈርሳል። አባት የወደደውን ዜማ ልጅ «ያረጀ ነው» ይለዋል፤ ልጅ ያደነቀውን ደግሞ አባት «ጩኸት» ብሎ ያልፈዋል። በተለይም ዜማው ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ የታከለበት እንደ ሆነ፣ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአባቶች ምሳሌ ከጨዋታው መካከል መጣሉ አይቀርም።

እኛም ይህን ክርክር በጆሮአችን ለመስማት የቻልነው በነቀምቴ ከተማ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ፣ የደጃዝማች ኩምሣ ሞሮዳ ቤተ መንግሥት የሚገኝባት የምሥራቅ ወለጋ ዋና ከተማ መሆንዋ የታወቀ ነው። ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተቋቋመባት፣ ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ተማሪዎችና አዲስ የተቀጠሩ የመንግሥት ሠራተኞች በየሻይ ቤቱ ተቀምጠው ሲከራከሩ መስማት ለእንግዳ ሰው ደስ የሚያሰኝ ነው።

በአንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከእነዚሁ ሻይ ቤቶች በአንደኛው አረፍ እንዳልን፣ ስድስት ወይም ሰባት የሚሆኑ ወጣቶች አንድ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ከበው አገኘናቸው። ከማጉያው የሚወጣው ድምፅ ብርጭቆውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ከአጠገባቸው ብዙ ዘመን አስተምረው ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት፣ ፊታቸውን እንደ መኮሳተር አድርገው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ወጣቶቹ የሚሰሙት የጃኖ ባንድን የመጀመሪያ አልበም «ኤርታሌ»ን ሲሆን፣ የተሰበሰቡበትም ምክንያት አልበሙን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ላይ ሰምተው እያንዳንዳቸው አስተያየት ለመስጠት እንደ ሆነ ነገሩን። ፈቃዳቸውን ጠይቀን ከመካከላቸው ተቀመጥን።

ስለ አልበሙ ጥቂት ቃል

ጃኖ ማለት እንደሚታወቀው ጥንት መኳንንት በክብር ቀን የሚለብሱት ቀይ ጥለት ያለው ልብስ ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ባንድ የአገራችንን ቅኝት ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከባድ ከበሮ ጋር ለማዋሐድ የተቋቋመ ሲሆን፣ ይህን ሐሳብ ከጠነሰሱት ሰዎች አንዱ ቀደም ሲል ከዚጊ ማርሊ ጋር በሥራ አስኪያጅነት የሠራው አዲስ ገሠሠ ነው። «ኤርታሌ» ለሕዝብ የቀረበው በ2005 ዓ.ም. ነበር። ስሙንም ያገኘው በአፋር ምድር ካለው፣ የቀለጠ ዐለት ሐይቁ በዓለም ከታወቀለት ከእሳተ ገሞራው ከኤርታ አሌ ነው። በአልበሙ ላይ አራት ድምፃውያን ተሰልፈዋል፤ እነርሱም ዲበኵሉ ታፈሰ፣ ኃይሉ አመርጋ፣ ሔዋን ገብረ ወልድና ሃሌሉያ ተክለ ጻድቅ ናቸው። ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች በአንድ ባንድ ፊት ቆመው እየተቀባበሉ መዝፈናቸው ራሱ በዚያን ጊዜ ብዙ ሰው ያነጋገረ ነገር ነበር።

አልበሙን ያቀናበረው አሜሪካዊው የባስ ጊታር ተጫዋች ቢል ላስዌል ነው። ይህ ሰው በአገራችን ሰዎች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው ከእጅጋየሁ ሽባባው ጋር በሠራው ሥራ ነው። ከዚያ በፊት በፈረንጆች 1983 ዓ.ም. ከሄርቢ ሃንኮክ ጋር፣ በ1986 ዓ.ም. ደግሞ እጅግ ኀይለኛ ከሆነው የእንግሊዝ ባንድ ከሞተርሄድ ጋር ሠርቷል። እንግዲህ ከሞተርሄድ ጋር የሠራ ጆሮ ወደ ጃኖ ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም።

ከባድ ሮክ ከወዴት መጣ?

አስተያየታቸውን ከማቅረባችን በፊት፣ ይህን ዐይነት ሙዚቃ ለማያውቀው አንባቢያችን ጥቂት መግለጥ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከባድ ሮክ ወይም «ሄቪ ሜታል» የተባለው ሙዚቃ መነሻ የእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ከተማ በርሚንግሃም ናት። ቶኒ አዮሚ የተባለ የ17 ዓመት ወጣት በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ፣ መሣሪያው የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቈረጠበት። ልጁ ግራኝ ጊታር ተጫዋች ስለ ነበረ የተጐዳው ክር የሚጫንበት እጁ ነው። ተስፋ በመቍረጥ ፈንታ ግን የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፤ ክሩም እንዳያሳምመው ቀጭን ክር መረጠ፤ ኋላም ክሮቹን እያላላ በወፍራም ድምፅ መጫወት ጀመረ። ከዚህ ሰው ጊታር የወጣው ጨለም ያለ ድምፅ በፈረንጆች 1970 ዓ.ም. በብላክ ሳባት የመጀመሪያ አልበም ላይ ተሰማ። የዚሁ ባንድ ድምፃዊ ኦዚ ኦዝቦርን በ2025 ዓ.ም. ባረፈ ጊዜ፣ አንድ የፋብሪካ ከተማ ልጆች ዓለምን እንዴት አድርገው እንደ ለወጡ ብዙ ተጽፏል።

ከዚህ ግንድ ከበቀሉት ቅርንጫፎች አንዱ «ፓወር ሜታል» የሚባለው ነው። በፈረንጆች በ1987 እና በ1988 ዓ.ም. የጀርመኖቹ የሐምቡርግ ልጆች ሄሎዊን በሁለት ክፍል ያወጡት አልበም የዚህ ስልት መሠረት ተደርጎ ይቆጠራል። ከበሮው እንደ ፈረስ ግልቢያ ይፈጥናል፤ ድምፃዊው ከፍ ባለ ድምፅ ይዘፍናል፤ አዝማቹን ሁሉም በአንድነት ይቀበሉታል። ግጥሙ የሚናገረው ስለ ጀግና፣ ስለ ሰይፍ፣ ስለ ዘንዶና ስለ ረጅም ጉዞ ነው። በአጭሩ የጀግንነት ዘፈን ነው። ይህን ነጥብ አንባቢያችን እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ይህ ሙዚቃ የነጮች ብቻ ሆኖ የቀረም አይደለም። በቦትስዋና ከላም ጠባቂነት ያልራቁ ወጣቶች ጥቁር የቆዳ ልብስና ሰፊ ባርኔጣ አድርገው ከባድ ሮክ የሚሰሙበት ሠፈር አላቸው፤ ስኪንፍሊንት የተባለው ባንዳቸውም ስለ አፍሪካ ጥንታዊ ተረቶች ይዘፍናል።

ጊታሩ ለምን ይሻክራል? ማጉያው ከዐቅሙ በላይ ድምፅ ሲገባበት የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቈረጣል፤ በዚህ ጊዜ ከዋናው ድምፅ ጋር ሌሎች ብዙ ትንንሽ ድምፆች አብረው ይወለዳሉ። ጆሮ ይህን ሻካራነት ይለዋል። ለእኛ ግን ይህ ፈጽሞ አዲስ ነገር ሊሆን ባልተገባው ነበር። በዐሥሩ የበገና አውታሮችና በመቆሚያቸው መካከል ትንንሽ የቆዳ ቍራጮች የሚገቡት ለምንድር ነው? አውታሩ ሲመታ ጥርት ብሎ እንዳይወጣና እንዲነዝር አይደለምን? አባቶቻችን ኤሌክትሪክ ሳይኖር የድምፅን መነዘር ለጸሎት ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

ወጣቶቹ ምን ይላሉ?

በመጀመሪያ የተናገረው የዩኒቨርሲቲው የምሕንድስና ተማሪ ነው። እርሱ ሄሎዊንንና የጣሊያን፣ የፊንላንድም ባንዶችን በስልኩ እየሰማ ያደገ በመሆኑ፣ ለ«ኤርታሌ» የሰጠው ፍርድ ጠንከር ያለ ነበር። «ጊታሩ ደስ ይላል፤ ነገር ግን መንገዱን ሁሉ አልሄደም። ይፈነዳል ብዬ ስጠብቅ መልሶ ወደ ጭፈራ ይገባብኛል። ኤርታሌ ብሎ ስም ካወጣ እሳቱን ሙሉ በሙሉ ሊያሳየን ይገባ ነበር» አለ። ጓደኞቹ ሣቁ።

ሁለተኛዋ ተናጋሪ በከተማው የሚገኝ ትምህርት ቤት መምህርት ናት። ከእርሱ ጋር ፈጽሞ አልተስማማችም። «አንተ የምትፈልገው ጀርመኖቹን በአማርኛ ነው። እንደዚያ ከሆነማ ጀርመኖቹን ስማ። እኔ ይህን አልበም የምወደው ቅኝቱ የራሳችን ስለ ሆነ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሔዋንና ሃሌሉያ ከወንዶቹ ኋላ ቆመው ተቀባይ ሆነው አልቀሩም። ተማሪዎቼ ሴት ልጅ እንዲህ ባለ ጉልበት ስትዘፍን መስማታቸው አንድ ትምህርት ነው» ስትል ገለጸች። ከዘፈኖቹም «አይራቅ»ን ከሁሉ አስበልጣ እንደምትወደው ነገረችን።

ሦስተኛው በቤተ ክርስቲያን መዘምራን ውስጥ ጊታር የሚጫወት ወጣት ነው። ስለ ሙዚቃው አሠራር ጥሩ እውቀት ስላለው ንግግሩን ሁላችንም በጥሞና ሰማነው። እንደ እርሱ አስተያየት፣ ከባድ ሮክና የኢትዮጵያ ቅኝት ሰዎች እንደሚያስቡት ባዕዳን አይደሉም። የሮክ ጊታር ተጫዋች ብዙውን ጊዜ የሚመታው ሁለት ድምፆችን፣ ማለት መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ ነው። በአውሮፓ ሙዚቃ ደስታና ኀዘን የሚለዩበትን ሦስተኛውን ድምፅ ይተወዋል። በዚህም ምክንያት ባለ አምስት ድምፁ የእኛ ቅኝት ሳይጣመም በላዩ ሊቀመጥበት ይችላል። ከዚህም የሚያስደንቀው «አንቺ ሆዬ» የተባለው ቅኝት ነው። በዚህ ቅኝት ከመነሻው ድምፅ እስከ አራተኛው ድምፅ ያለው ርቀት ሦስት ሙሉ ቃና ነው። ይህን የማያርፍና የሚያስጨንቅ ርቀት የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲሸሹት፣ ብላክ ሳባት ግን በስሙ በተጠራው ዘፈን ላይ ዋና መሠረት አድርጎታል። «እንግሊዞቹ በ1970 ያገኙትን ድምፅ አዝማሪዎቻችን ሠርግ ላይ ሲጫወቱት ኖረዋል» አለና ጊታሩን አንሥቶ ሁለቱንም አሰማን። ልዩነቱ ከጠበቅነው በታች ነበር።

አራተኛው ተናጋሪ ከኑኑ ቁምባ ወረዳ ለጉዳይ ወደ ነቀምቴ የመጣ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ ነው። እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ሲሰማ ቈይቶ፣ ተራው በደረሰ ጊዜ ቀስ ብሎ እንዲህ አለ፤ «አልበሙን አልነቅፍም፤ እኔም ጊታር የገዛሁት እነርሱን ሰምቼ ነው። ነገር ግን አብዛኛው በአማርኛ ነው። ሁላችሁም ‹የራሳችን› ስትሉ እሰማለሁ። እኔ በልጅነቴ ከአያቴ የሰማሁት ጌራርሳ ነው። እርሱ በዚህ ከበሮ ላይ የሚገባው መቼ ነው?»

ይህ ጥያቄ ከጨዋታው ሁሉ ከባዱ ነበር። የምሕንድስናው ተማሪ እንኳ ወዲያው መልስ አላገኘለትም።

ስለ ጌራርሳ

ጌራርሳ የኦሮሞ ሕዝብ የጀግንነት ዜማ ነው። ሰውዬው ብቻውን ይነሣል፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የዘሩን ስም፣ የሠራውን ሥራ፣ ያለፈበትን መከራ ይዘረዝራል። በአማርኛ ፉከራ፣ ሽለላና ቀረርቶ የምንለው የቅርብ ዘመዱ ነው። ጥንት ይህን ለማዜም ያልተጻፈ ሕግ ነበረው፤ በአደን አንበሳ ወይም ጎሽ የጣለ፣ ወይም በጦር ሜዳ ሙያ የሠራ ሰው ካልሆነ በቀር በአደባባይ ተነሥቶ ጌራርሳ ለማለት መብት አልነበረውም። በኋላ ዘመን ግን የድኻ ብሶት፣ የእስረኛ ኀዘን፣ የተማሪም ድካም ወደ ጌራርሳ ገብቷል።

አንባቢያችን ከላይ ያስያዝነውን ነጥብ እዚህ ላይ ያስታውስልን። ሄሎዊንና ተከታዮቹ ስለ ሰይፍና ስለ ዘንዶ ሲዘፍኑ የሚተርኩት የተረት ጀግንነት ነው፤ ዘንዶ የገደለ ጊታር ተጫዋች በሐምቡርግ የለምና። የወለጋ አያቶች ግን የዘፈኑት ስለ ሠሩት ሥራ ነበር።

የኦሮምኛ ዜማ ከዘመናዊ መሣሪያ ጋር ሲገናኝ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በፈረንጆች 1960ዎቹ መጀመሪያ በድሬዳዋ የተቋቋመው የአፍረን ቀሎ ቡድን በዚህ ረገድ ፈር ቀዳጅ ሲሆን፣ ከእርሱም የወጣው ዓሊ ቢራ በ2022 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ኦሮምኛን በጊታርና በዑድ አስጊጦ ኖሯል። ለሁለቱም ባህሎች የጋራ ትምህርት የሚሰጠውም ይኸው ነው። የአዲስ አበባዎቹ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ሳክስፎንና ትሮምፔት ሲያነሡ «የፈረንጅ ጡሩምባ» ያላቸው ሰው አልጠፋም ነበር፤ ዛሬ ግን ያንን ዜማ «የጥንቱ የእኛ ሙዚቃ» እያልን በናፍቆት እንሰማዋለን።

መብራቱ በጠፋ ጊዜ

ክርክሩ በዚህ ላይ እንዳለ የከተማው መብራት ድንገት ጠፋ። ማጉያውም ድርግም አለ። ከዚያ ሁሉ ነጐድጓድ በኋላ ዝምታው ራሱ ይሰማ ነበር። በዚህ ጊዜ ጡረተኛው መምህር ብርጭቆአቸውን አስቀመጡና ፈገግ ብለው፣ «እንግዲህ ጀግናችሁ መብራት ሲጠፋ ይሞታል ማለት ነዋ!» አሉ። ሁሉም ሣቀ። ወዲያው ግን ፊታቸውን ወደ ኑኑ ቁምባው ወጣት መልሰው ጠየቁት።

«ልጄ፣ ጌራርሳን በዚህ መሣሪያ ልትል ትፈልጋለህ?»

«አዎን፣ ጋሼ፤ እፈልጋለሁ።»

«መልካም። ጌራርሳ ግን ሥራ ይጠይቃል። አንተ ምን ሠርተሃልና ነው የምትፎክረው? አንበሳ ገድለሃል?»

ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ መሬት መሬቱን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በአክብሮት፣ «ጋሼ፣ አንበሳስ አልገደልሁም። ትምህርት ቤት ግን በየቀኑ ሁለት ሰዓት በእግሬ እየሄድኩ፣ ሁለት ሰዓት እየተመለስሁ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ። አባቴ ሲሞት ታናናሾቼን አስተምሬአለሁ። ይህ አይቆጠርልኝም?» አለ።

አዛውንቱ ቶሎ አልመለሱም። በመጨረሻም፣ «ይቆጠራል። እንዲያውም ከአንበሳው ይበልጣል። እንግዲያውስ መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በለው፤ ቃሉ ራሱን ችሎ ከቆመ በኋላ መሣሪያው ይከተለዋል» አሉት።

ወጣቱም ተነሣ። መጀመሪያ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቈይቶ ግን ጸና። ጓደኞቹ ቃሉን እየተቀበሉ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ይመቱ ጀመር። የመዘምራኑ ጊታር ተጫዋችም ማጉያ በሌለው ጊታር ሁለቱን ድምፆች ብቻ እየመታ ተከተለው። ከመንገድ የሚያልፉ ሰዎች በደጃፉ ላይ ቆመው ሰሙ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢመለስም ማጉያውን ለመክፈት የተነሣ ሰው አላየንም።

መለስ ብለን አዛውንቱን፣ «ታዲያ ሮኩን ወደዱት ማለት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «ጆሮዬን አሞኛል» ሲሉ መለሱልን፤ «ነገር ግን ልጅ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን የዘመርሁት መዝሙር ዜማው ከስዊድንና ከጀርመን የመጣ መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ቃሉ ግን የኦነሲሞስ ነሲብ ኦሮምኛ ስለ ነበረ፣ እናቴ ከአገር የበቀለ ነው ብላ ታምን ነበር። ለዚህ ነው ልጆቹን የማልቈጣቸው።» ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጕመው በፈረንጆች 1899 ዓ.ም. ያሳተሙ፣ መዝሙሮችንም ያዘጋጁ፣ በ1931 ዓ.ም. በዚችው በነቀምቴ ያረፉ ሊቅ መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ይገባል።

የጥበብ ዋጋ

የወጣቶቹን ጨዋታ እያደነቅን አንድ ያሳዘነን ነገር ደግሞ ሳንናገር ብናልፍ ቅንነት አይሆንም። አልበሙን እንዲህ አጥልቀው ከሚመረምሩት ከእነዚህ አድማጮች መካከል ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ስንት እንደ ሆነ ብንጠይቅ፣ እጁን ያነሣው አንድ ብቻ ነበር። የቀሩት ከስልክ ወደ ስልክ ገልብጠው ወስደውታል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 ከወጣ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ ሌላው ቢያጣ ቢያጣ ሕጉን የሚያውቀው ተማሪና የቢሮ ሠራተኛ እንኳ ዘፈንን እንደ ምንጭ ውሃ በነጻ የሚቀዳ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ባለ ብዙ አባል ባንድ ለመኖር ደመወዝ፣ የመለማመጃ ቤት፣ ማጉያና መጓጓዣ ያስፈልገዋል። አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ተቀምጦ የሚሠራውን ዘፈን ዐሥር ሰው ሲሠራው ወጪው ዐሥር እጥፍ ነው፤ አድማጩ ግን ለሁለቱም እኩል፣ ማለት ምንም አይከፍልም። «ጃኖ መንገዱን ሁሉ አልሄደም» ብሎ የነቀፈው ተማሪ ለመንገዱ ስንቅ ያላዋጣ መሆኑን ባስታወስነው ጊዜ፣ ዕውነትነቱን አምኖ ሣቀ። ቡድኑ ከ«ኤርታሌ» በኋላ «ለራስህ ነው» የተባለ ሌላ አልበም ማውጣቱ በዚህ ሁሉ ችግር ውስጥ የሚያስመሰግነው ነው።

ለጤናም የሚሆን አንድ ምክር እንጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚመክረው፣ 80 ዴሲቤል የሆነን ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት መስማት ለጆሮ አያሠጋም። ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር ግን ጊዜው በግማሽ መቀነስ አለበት፤ 83 ሲሆን 20 ሰዓት፣ 86 ሲሆን 10 ሰዓት እያለ ይወርዳል። ከባድ ሮክ በጆሮ ማዳመጫ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማ ተማሪ ይህን ሒሳብ በደብተሩ ላይ ቢጽፈው ይጠቅመዋል። አንድ ጊዜ የሞተ የጆሮ ሕዋስ ተመልሶ አይበቅልምና።

የእኛ አስተያየት

እንግዲህ ወደ ተነሣንበት ምሳሌ እንመለስ። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ቃል ዕውነት ነው። ተውሶ ያጌጠ ሰው ባለቤቱ በጠየቀው ቀን ራቁቱን ይቀራል። የሌላውን አገር ባንድ ጩኸቱን፣ ጠጕሩንና ልብሱን ብቻ የቀዳ ወጣትም እንደዚሁ ነው፤ ፋሽኑ ባለፈ ማግሥት በእጁ የሚቀር ነገር የለውም።

ነገር ግን ወርቁን ከመሣሪያው መለየት ያስፈልጋል። ጊታሩ፣ ማጉያውና ከበሮው መዶሻና ወናፍ ናቸው፤ ከየትም አገር ቢመጡ ነውር የለባቸውም። ወርቁ ቅኝቱ፣ ቋንቋውና የሰውዬው ሕይወት ነው። ጃኖ ባንድ በ2005 ዓ.ም. ያደረገው ሙከራ ጉድለት ቢኖርበትም፣ መዶሻውን ከውጭ አምጥቶ ወርቁን ከቤት ለመፈለግ የተደረገ በመሆኑ ሊመሰገን ይገባዋል። የኑኑ ቁምባው ወጣት ጥያቄም የሚያመለክተው ወርቁ ገና ብዙ ቦታ ያልተቈፈረ መሆኑን ነው። በየወረዳው ያሉት አያቶች ጌራርሳውን፣ ሽለላውንና ቀረርቶውን ይዘው ከማለፋቸው በፊት ድምፃቸውን በስልክ መቅረጽ ለማንም ወጣት ሠራተኛ የማይቸግር፣ ባለ ሥልጣንም ማስፈቀድ የማያስፈልገው ሥራ ነው።

ከሻይ ቤቱ ስንወጣ ያ ወጣት ወደ መናኸሪያው ለመሄድ ጊታሩን በትከሻው አንግቶ ነበር። «ወደፊት ምን ልታደርግ አሰብህ?» ብንለው፣ «በሚመጣው ሳምንት አያቴ ዘንድ እሄዳለሁ። ጊታሩን ግን መጀመሪያ ደጅ ትቼው እገባለሁ» ሲል መለሰልን።

መልካም ጉዞ እንዲሆንለት ተመኝተን ተለያየን።